አስማት፦ ስም ያጣ ፊት፣ ፊት ያጣ ስም

«አስማት» የሚለው ቃል ለአማርኛ ተናጋሪ መጀመሪያ የሚያስታውሰው ጠንቋይን፣ ደብተራን፣ በአንገት የሚንጠለጠል ክታብን ነው። በግእዝ ግን ቃሉ የ«ስም» ብዙ ቁጥር ነው፤ በትግርኛም እስከ ዛሬ ስሞች ማለት ነው። ሁለቱ ትርጉሞች የተገናኙት በአጋጣሚ አይደለም። በክታቡ ላይ የሚጻፈው ኃይል አለው የሚባል ስም ስለሆነ፣ ስሞቹን የያዘው ጽሑፍ ራሱ አስማት ተባለ። ዳግማዊ ይመር በ2015 ለሠራው አጭር ፊልም (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖችና ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ይህን ቃል ርእስ አድርጎ ሲመርጥ ሁለቱንም ትርጉም አብሮ ወስዷል። ፊልሙ ኦክቶበር 3 ቀን 2013 በኢጣሊያዋ የላምፔዱሳ ደሴት አጠገብ በሰጠመችው ጀልባ ያለቁትን 368 ሰዎች ያስባል። አብዛኞቹ ኤርትራውያን ነበሩ። የፊልሙ ዋና ሥራ የሟቾቹን ስም ከነትርጉሙ መጥራት ነው።

ሥራው ቀላል ይመስላል። ስለ ስደት የሚነሡ ፎቶግራፎችንና የሚቀረጹ ፊልሞችን ለዓመታት ሲያይ ለኖረ ሰው ግን «አስማት» የለመደውን ይገለብጥበታል። የስደት ምስል ብዙውን ጊዜ ፊት ይሰጣል፤ ስም አይሰጥም። ዳግማዊ ስም ሰጠ፤ ፊቱን ተወው። ይህ ምርጫ ከሜዲትራኒያን ባሕር እጅግ ርቃ ለምትገኘው ሎስ አንጀለስም የሚለው አለው። በፌርፋክስ ጎዳና ያለችው ትንሿ ኢትዮጵያ ከአርባ ዓመት በላይ በተጠራቀመ የስደት ኑሮ ላይ የቆመች ናት። የዚያ ኑሮ ፎቶግራፎች በየቤቱ አልበምና ሻንጣ ውስጥ አሉ። በፎቶው ላይ ያለው ማን እንደሆነ የሚያውቁት ሰዎች ግን እያረጁ ነው።

ዳግማዊ ራሱ ስደተኛ ነበር። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ሲማር ቆይቶ በተለምዶ «ምርጫ 97» ከሚባለው ቀውስ በኋላ ከአገር ወጣ። በሱዳን አድርጎ ሰሃራን አቋረጠ፤ ሊቢያን አለፈ፤ ጁላይ 30 ቀን 2006 ላምፔዱሳ ደረሰ። እንደ እሱ በጀልባ የደረሱትን የሚቀርጽ ካሜራ በዚያ ዘመን ከወደቡ አይጠፋም ነበር። ብርድ ልብስ የተከናነበ ጥቁር ሰው፣ ከጀርባው ባሕር፣ ከፊቱ ጓንት ያጠለቀ ፖሊስ። ይህ ምስል በኢጣሊያ የምሽት ዜና ላይ እየተመላለሰ ስለታየ ተመልካቹ ዛሬ የተነሣውን ካለፈው ዓመቱ መለየት አይችልም። ዳግማዊ ሮም ከገባ በኋላ ካሜራ የያዘው ከዚህ ምስል ውስጥ ወጥቶ ነው። ሥራዎቹን በቅደም ተከተል የሚያይ ሰው ከፊልም ወደ ፊልም አንድ ጥያቄ ሲብላላ ያገኛል፤ የታየ ሰው ተናጋሪ የሚሆነው እንዴት ነው?

ጥያቄው ለኢትዮጵያውያን ለምን እንደሚከብድ ለመረዳት ወደ 1984 መመለስ ያስፈልጋል። በኦክቶበር ወር ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚንና የቢቢሲው ጋዜጠኛ ማይክል በርክ ከኮረም ያመጡት ዘገባ በጥቂት ቀናት ውስጥ ዓለምን አዳረሰ። ከሦስት ወር በኋላ፣ ጃንዋሪ 28 ቀን 1985 ሌሊት፣ ስመ ጥር አሜሪካውያን ድምፃውያን በሎስ አንጀለስ ላብሬያ ጎዳና በነበረው የኤ ኤንድ ኤም ስቱዲዮ ተሰብስበው «ዊ አር ዘ ወርልድ»ን ቀረጹ። ላብሬያ ከፌርፋክስ ጋር ጎን ለጎን ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚወርድ ጎዳና ነው። በዚያው ዘመን ከሱዳን ካምፖች በ1980ው የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ መሠረት ሎስ አንጀለስ የሚገቡ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። አገራቸው ከእነሱ ቀድማ በቴሌቪዥን ገብታ ጠበቀቻቸው።

ያ ምስል ሕይወት አድኗል፤ ይህን መካድ ግፍ ነው። ነገር ግን የተሸከመው ፊት ብቻ ነበር። የካናዳ ቴሌቪዥን ባለሙያዎች በሞት አፋፍ ላይ እያለች የቀረጿት የትግራይ ሕፃን በ1985ቱ የላይቭ ኤይድ ዝግጅት ላይ በመላው ዓለም ታየች። ስሟ ብርሃን ወልዱ መሆኑን አብዛኛው ተመልካች የሰማው ግን በ2005 ለንደን ሃይድ ፓርክ በላይቭ ኤይት መድረክ ላይ በእግሯ ቆማ ሲያያት ነው። በፊቷና በስሟ መካከል ሃያ ዓመት አለፈ። የስደትና የረሃብ ፎቶግራፍ ምን እንደሚጎድለው ለማስረዳት ከዚህ የበለጠ ምሳሌ መፈለግ አያሻም።

ስም ሲኖር ደግሞ የሚሆነውን ከሌላ ሕዝብ ታሪክ ማየት ይቻላል። የላትቪያዋ ሪጋ ተወላጅ የሆነው አይሁዳዊው ፎቶግራፍ አንሺ ፊሊፕ ሃልስማን በ1940 ናዚዎች ፈረንሳይን ሲይዙ ከፓሪስ ሸሸ። ወደ አሜሪካ የሚያስገባውን ቪዛ ያገኘው በአልበርት አንስታይን እርዳታ ነበር። በ1947 ሃልስማን አንስታይንን ፎቶ አነሣው፤ ያ በሐዘን የተሞላ ዐይን የሚታይበት ፎቶ በኋላ በአሜሪካ የፖስታ ቴምብር ላይ ታትሟል፤ በ1999 መጨረሻም «ታይም» መጽሔት የክፍለ ዘመኑን ሰው ሲመርጥ የሽፋን ገጹ አድርጎታል። ፎቶው የሁለት ስደተኞች ሥራ ነው፤ አንዱ ካሜራውን ይዟል፣ ሌላው ከፊቱ ተቀምጧል። ሆኖም «የስደተኛ ፎቶ» ብሎ የሚጠራው ሰው የለም፤ የአንስታይን ፎቶ ነው የሚባለው። ስም የገባበት ምስል ከጅምላው ይወጣል። ይህ ዕድል ለአንስታይን የደረሰው ከመነሣቱ በፊት ስመ ጥር ስለነበረ ነው። ስመ ጥር ላልሆነው ስደተኛ ስሙን በምስሉ ላይ የሚያስገባለት ሰው ያስፈልጋል። የዳግማዊ ፊልሞች ይህን ሥራ በየተራ ሞክረውታል።

የመጀመሪያው «ኮሜ ኡን ኡዎሞ ሱላ ቴራ» ነው፤ «እንደ ሰው በምድር ላይ» እንደማለት። በ2008 ከአንድሬያ ሴግሬና ከሪካርዶ ቢያዴኔ ጋር የሠራው ይህ ፊልም የተወለደው ሮም ውስጥ አሲኒታስ በተባለ፣ ለስደተኞች ኢጣሊያንኛ በሚያስተምር ትምህርት ቤት ነው። ተናጋሪዎቹ ከኢትዮጵያ ተነሥተው ሊቢያን ያቋረጡ ሰዎች ናቸው። በሊቢያ ፖሊስ መያዛቸውን፣ በኮንቴይነር ታጭቀው በበረሃ ወደ ኩፍራ እስር ቤት መወሰዳቸውን፣ ከዚያ ለደላላ መሸጣቸውን፣ ደላላውም ገንዘብ ተቀብሎ መልሶ ወደ ባሕሩ ዳርቻ እንዳመጣቸው ይናገራሉ። ፊልሙ በወጣበት ዓመት፣ በኦገስት 2008፣ በርሉስኮኒና ጋዳፊ ቤንጋዚ ላይ የወዳጅነት ስምምነት ተፈራርመዋል። የፊልሙ ምስክርነት የኢጣሊያን መንግሥት የሚነካው ለዚህ ነው፤ ኩፍራ ድረስ የሚሄደው መንገድ ከሮም ይጀምራል ይላል።

ፊልሙን ከሌሎች የስደት ዘጋቢ ፊልሞች የሚለየው የጠያቂውና የተጠያቂው ቦታ ነው። ዳግማዊ ጥያቄ ሲያቀርብ መልሱን ግማሽ ያውቀዋል፤ በዚያው መንገድ አልፏልና። ተናጋሪውም ለባዕድ እንደሚያስረዳ ሰው አይዘረዝርም፤ አብሮት መከራ ላየ ወንድሙ እንደሚያወራ ይናገራል። ዝምታ ሲመጣ ካሜራው አይቸኩልም። አማርኛ ለሚሰማ ተመልካች ደግሞ ከትርጉም ጽሑፉ በላይ የሚደርሰው ነገር አለ፤ ቃል መዋጡን፣ «እንግዲህ» እና «ምን ልበልህ» የሚሉት ትንንሽ ቃላት ከባዱን ነገር ሲያስታምሙት ይሰማል። ኢጣሊያዊው ተመልካች ታሪኩን ያገኛል። የአገሬው ሰው አነጋገሩን ጭምር ያገኛል።

ፊልሙ እንከን የለውም ማለት አይደለም። ከምስክርነቱ ወጥቶ ወደ ባለሥልጣናትና ወደ አውሮፓ የድንበር ጥበቃ ድርጅት ወደ ፍሮንቴክስ ሲሄድ የምርመራ ጋዜጠኝነት ጠባይ ይይዛል፤ ያን ጊዜ የሰዎቹ ድምፅ ለሌላ ክርክር ማስረጃ ወደ መሆን ይወርዳል። ተመልካቹ ለፍርድ ቤት የቀረበ መዝገብ ያነበበ ያህል ይቆጣል፤ ተናጋሪዎቹን ግን እንደ ጀመረው አያውቃቸውም። ዳግማዊ ይህን የተረዳ ይመስላል። በኋለኞቹ ሥራዎቹ ክሱ እየቀነሰ፣ መስማቱ እየበዛ ሄዷል።

በ2011 ከጁሊዮ ቼደርናና ከፋብሪዚዮ ባራኮ ጋር በሠራው «ሶልታንቶ ኢል ማሬ» («ባሕሩ ብቻ») ዳግማዊ ካሜራ ይዞ ወደ ላምፔዱሳ ተመለሰ። በዚህ ጊዜ የሚጠየቁት የደሴቲቱ ነዋሪዎች ናቸው። ከአምስት ዓመት በፊት ቁጥር ሆኖ ያለፈባትን ደሴት አሁን በእግሩ እየዞረ፣ ነዋሪዎቿ እንዴት እንደሚኖሩ ይጠይቃል። እነሱም ከማእከላዊው መንግሥት የራቁ፣ የተረሱ ሰዎች መሆናቸውን ይነግሩታል። እንግዳው ባለቤቱን ሲያስተናግድ ማየት ለስለስ ያለ ምፀት አለው። በ2013 የወጣው «ቫ ፔንሲዬሮ» ርእሱን የወሰደው በቬርዲ ኦፔራ ውስጥ ተማርከው የተሰደዱ እስራኤላውያን ከሚያሰሙት፣ ኢጣሊያውያን እንደ ሁለተኛ ብሔራዊ መዝሙር ከሚያዩት ኅብረ ዝማሬ ነው። ታሪኩ ግን በጎዳና ላይ በዘረኝነት ስለተጠቁ ሴኔጋላውያን ነው፤ ሚላን ውስጥ በጩቤ ስለተወጋው ተዋናይና መምህር ስለ መሐመድ ባ፣ እንዲሁም በዲሴምበር 2011 ፍሎረንስ ላይ ሁለት ሰዎች ከተገደሉበት ተኩስ ስለተረፉ። ስደተኛው ከባሕር ቢተርፍም ምድር ላይ የሚጠብቀው እንዳለ ያሳያል።

ከዚያ ኦክቶበር 3 መጣ። በሰጠመችው ጀልባ ከነበሩት ከ500 በላይ ሰዎች 155ቱ ብቻ ተረፉ። የኢጣሊያ ጠቅላይ ሚኒስትር የሞቱት ከዛሬ ጀምሮ የኢጣሊያ ዜጎች ናቸው ሲሉ፣ በሕይወት በተረፉት ላይ በሕገ ወጥ መንገድ ገብታችኋል ተብሎ ምርመራ ተከፈተባቸው። በአውሮፕላን መጋዘን ውስጥ በመስመር የተደረደሩት የሬሳ ሣጥኖች ፎቶግራፍ የዓለም ጋዜጦችን የፊት ገጽ ያዘ። ሣጥኖቹ ላይ ቁጥር ነበር። ብዙዎቹም በሲሲሊ መቃብር ቦታዎች በቁጥር ተቀበሩ።

«አስማት» ለዚያ ፎቶግራፍ የተሰጠ መልስ ነው። መንግሥት ቁጥር በሰጠበት ቦታ ፊልሙ ስም ያስገባል። እዚህ ላይ ከሐበሻ ስም ጠባይ የሚመጣ ጉልበት አለ። የእኛ ስም ብዙውን ጊዜ ወላጅ ስለ ልጁ የተናገረው ዓረፍተ ነገር ነው። ስንታየሁ ያለች እናት ስላየችው መከራ ተናግራለች። ማስረሻ፣ ካሳ፣ ምትኩ የሚባሉት ከእነሱ በፊት የሞተ ሰው እንዳለ ይመሰክራሉ። ተስፋዬ፣ ሰላም፣ ምሕረት የሚሉት ደግሞ ምኞት ናቸው። ስለዚህ ስምን ከነትርጉሙ መጥራት ሰውየውን ብቻ ሳይሆን በወለደችው ሴት አፍ የወጣውን የመጀመሪያ ቃልም መጥራት ነው። የሞተው ልጅ ነው፤ የተረፈው የእናቱ ዓረፍተ ነገር ነው። ይህን ለማለት ፊልሙ ተንታኝ አላስፈለገውም፤ ትርጉሙን ማስቀመጥ በቂ ሆኖለታል።

በሥርዓተ ቀብራችን ውስጥም ለዚህ መሠረት አለ። ፍትሐት ሲደረግ ካህኑ የሚጠራው ስመ ክርስትናን ነው፤ ስሙ ያልታወቀ ሰው ጸሎቱ ይቸግራል። አስከሬን በሌለበት ለቅሶ ደግሞ ፎቶግራፍ የሟቹን ቦታ ይዞ ይቀመጣል። ጀልባዋ ላይ ያለቁት ልጆች እናቶች አስከሬን አላገኙም፤ ፎቶው በእጃቸው አለ። ፊልሙ ፎቶውን ለእነሱ ትቶ የራሱን ድርሻ፣ ስም መጥራቱን፣ ወሰደ። እንዲህ ሲታይ ፊት አለማሳየቱ ጉድለት አይሆንም፤ የቤተሰብ የሆነውን ለቤተሰብ መተው ነው።

ሌላም ነገር አለ። ከ1998 እስከ 2000 የተዋጉ ሁለት አገሮች ናቸው ኢትዮጵያና ኤርትራ። አዲስ አበባ የተማረ ሰው የኤርትራውያንን ሙታን ስም ሲጠራ ፖለቲካ የለውም ማለት አይቻልም። ርእሱ ግን ይህን በጥበብ ይይዘዋል። አሥመራ ያለች እናት «አስማት»ን ስታነብ «ስሞች» ብላ ትረዳለች። አዲስ አበባ ያለው አንባቢ መጀመሪያ ክታቡን ያስባል፤ ከዚያ ወደ ግእዙ ሲመለስ እሷ ካለችበት ይደርሳል። ለመገናኘት ትንሽ የሚሄደው አማርኛ ተናጋሪው ነው።

የሚነሣበት ተቃውሞም ቀላል አይደለም። የስም ዝርዝር ሲረዝም ጆሮ ይደነዝዛል፤ መቶኛው ስም እንደ መጀመሪያው አይወጋም። ዝርዝር ደግሞ በራሱ ሌላ ጅምላ ሊሆን ይችላል። ፊልሙ ከዚህ ሙሉ በሙሉ አያመልጥም። የሚያድነው ማጠሩና ትርጉሙ ነው፤ እያንዳንዱ ስም የራሱ ስሜት ስላለው ድግግሞሹን ያቋርጠዋል። ግእዝን፣ ትግርኛን ወይም አማርኛን ለማያውቅ ተመልካች ይህ በትርጉም ጽሑፍ ብቻ ይደርሰዋል። ለሚያውቅ ግን ፊልሙ ዜማ ይሆንለታል። በዚህ ረገድ «አስማት» ከሁሉ በፊት ለእኛ የተሠራ ፊልም ነው።

«ለእኛ» ሲባል ፌርፋክስም ይገባል። የሎስ አንጀለስ ከተማ ከኦሎምፒክ ቡሌቫርድ ወደ ደቡብ ያለውን የፌርፋክስ ክፍል ትንሿ ኢትዮጵያ ብሎ የሰየመው በ2002 ነው። ሰፈሩ ከዚያ በፊት ለብዙ ዘመን በአይሁድ ማኅበረሰብ ይታወቅ ነበር። ስያሜውም ከራሱ በፊት በየቤቱ በር ላይ በተሰቀሉት ስሞች ተጀምሯል፤ መሶብ፣ መርካቶ። ሰው ሲሰደድ የቦታ ስም ይዞ ይመጣል። የራሱን ስም ግን ግማሹን በመግቢያው ላይ ይተዋል። የአባት ስም «ላስት ኔም» ይሆናል፣ አያት ከመዝገቡ ይወጣል፣ ባልና ሚስት አንድ ስም ካልያዙ ይጠየቃሉ። የልደት ቀናቸው በካምፕ ምዝገባ ጃንዋሪ 1 የሆነባቸውም ብዙ ናቸው።

ታዲያ የዚህ ጎዳና ምስል ምን ይመስላል? የአሜሪካ ጋዜጦችና የምግብ መጽሔቶች ስለ ትንሿ ኢትዮጵያ ሲጽፉ የሚያወጡት ፎቶ ከሞላ ጎደል አንድ ነው፤ ከላይ የተነሣ የማኅበራዊ ትሪ፣ ባለቀለም ወጥ፣ እንጀራ የሚቆርስ እጅ። እጁ የማን እንደሆነ አይታወቅም። በ1984 ፊት ያለ ስም የተሰጠው ሕዝብ በአርባ ዓመት ውስጥ እጅ ያለ ፊት ሆነ። ረሃብተኛ ተብሎ የታወቀ ሕዝብ ከተማ የሚያበላ መሆኑ ትልቅ ድል ነው፤ ባለ ምግብ ቤቶቹ ይህን ድል ያገኙት በላባቸው ነው። ፎቶግራፉ ግን የድሉን ባለቤቶች አላሳየም።

በውስጥ በኩል ያለው ግድግዳም የራሱ ዝምታ አለው። በዓለም ዙሪያ ባሉ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች የሚሰቀሉትን ሥዕሎች ሁሉም ያውቃቸዋል፤ ቤተ ጊዮርጊስ፣ የፋሲል ግንብ፣ ንጉሠ ነገሥቱ፣ ጀበናና ረከቦት። እነዚህ የተተወችውን አገር ያሳያሉ። የተመጣበት መንገድ፣ ገዳሪፍና ካርቱም፣ የጽዳትና የመኪና ማቆሚያ ሥራው፣ ለኬዝ ፍርድ ቤት መመላለሱ፣ የመጀመሪያው ተከራይቶ የተኖረበት ክፍል ከግድግዳው ላይ አይገኙም። ሰው የተራበበትን ዘመን በበላበት ቦታ መስቀል ስለማይወድ ሊሆን ይችላል፤ ይህም ይገባል። ነገር ግን ግድግዳው የሚያወራው ስለ ሦስት ሺህ ዓመት ሲሆን ስለ አርባው ዓመት የሚያወራ ሌላ ቦታ ያስፈልጋል።

በሎስ አንጀለስ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ምስል ምን ማድረግ እንደሚችል ያሳየ ኢትዮጵያዊ አለ። ኃይሌ ገሪማ በዩሲኤልኤ የፊልም ተማሪ ሳለ በ1970ዎቹ የሠራው «ቡሽ ማማ» በዋትስ ሰፈር የምትኖር ዶረቲ የተባለች ጥቁር አሜሪካዊት ታሪክ ነው። በቤቷ ግድግዳ ላይ ሕፃን ያቀፈችና ጠመንጃ የያዘች የአንጎላ ታጋይ ፎቶ ይሰቀላል። ዶረቲ ፎቶውን ደጋግማ ታያለች፤ ፎቶውም ቀስ በቀስ ይለውጣታል። በፊልሙ መክፈቻ የሚታየው የፖሊስ ፍተሻ ደግሞ የተዋናይ ሥራ አይደለም፤ የሎስ አንጀለስ ፖሊሶች የቀረጻ ቡድኑን ራሱን ሲያስቆሙ የተቀረጸ ነው። ያን ጊዜ በፌርፋክስ የአማርኛ ጽሑፍ ገና አልነበረም፤ ኢትዮጵያዊው ካሜራ መጀመሪያ ያየው የጎረቤቱን ኑሮ ነው። ኃይሌ ወደ ራሱ ትውልድ ስደት የመጣው በኋላ፣ በ2008ቱ «ጤዛ» ነው፤ ጀርመን ተምሮ የተመለሰው አንበርብር ቤቱ ገብቶም ስደተኛ ሆኖ ይገኛል። በ2021 የአካዳሚው የፊልም ሙዚየም በዊልሸርና በፌርፋክስ መገናኛ ላይ ሲከፈት ኃይሌን ሸልሞ ሥራዎቹን በተከታታይ አሳየ። ሙዚየሙ ከትንሿ ኢትዮጵያ በእግር የሚደረስበት ነው። በአንድ ጎዳና ላይ ከወዲህ እጁ የታየው ሕዝብ፣ ከወዲያ ስሙ በትልቁ የተጻፈው ልጁ አሉ።

በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት በአልበም የተሞላ ነው። የስደት ፎቶግራፍ አንሺ ማለት ዝነኛ ሰው ብቻ አይደለም። በየፎቶ ቤቱ ለዲቪ የሚነሣው ጉርድ ፎቶ አንዱ ዘውግ ነው፤ ነጭ ግድግዳ፣ ፈገግታ የሌለበት ፊት፣ ለማይታወቅ ኮምፒውተር የቀረበ ልመና። ሌላው ከአሜሪካ ወደ ቤት የሚላከው ፎቶ ነው፤ የሰው መኪና ተደግፎ፣ ዘንባባ ሥር ቆሞ፣ የተከራዩትን ካፖርት ለብሶ። በዚህ ፎቶ ብዙ ተቀልዷል። ሆኖም ውሸት ብሎ ማለፍ ንባቡን ያሳጥረዋል። ፎቶው እናት እንቅልፍ እንድታገኝ የተጻፈ ደብዳቤ ነው፤ የሚያሳየው የላኪውን ኑሮ ሳይሆን የተቀባይዋን ሥጋት ነው።

ደብዳቤነቱ በጀርባው ይታወቃል። የዚያ ዘመን ሰው ፎቶ ሲልክ ጀርባው ላይ ይጽፍ ነበር፤ ለማን፣ ከማን፣ መቼ፣ የት፣ ማስታወሻ ትሁን ብሎ። የፎቶው ፊት ከሌሎች ሺህ ፎቶዎች ጋር ሊመሳሰል ይችላል። ጀርባው ግን አይመሳሰልም። ስሙ፣ ቀኑ፣ ቦታው፣ የእጅ ጽሑፉ ከዚያ ነው ያለው። ዳግማዊ በ«አስማት» ያደረገው ፊቱ በባሕር ውስጥ የቀረን ፎቶ ጀርባ ማንበብ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። የዛሬው የስልክ ፎቶ ደግሞ ጀርባ የለውም። ሺህ ፎቶ በአንድ ስልክ ውስጥ ይገኛል፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ማን ማን እንደሆነ የሚናገር አንድ መስመር አይገኝበትም።

ይህ ሥጋት በፌርፋክስ አዲስ አይደለም። ከጎዳናው ብዙም በማይርቀው በፓን ፓሲፊክ መናፈሻ የሚገኘው የሆሎኮስት ሙዚየም የተጀመረው በባለጸጋ ስጦታ ወይም በመንግሥት ውሳኔ አይደለም። በ1961 በሆሊውድ ሃይ ስኩል እንግሊዝኛ ለመማር የተመዘገቡ ከእልቂቱ የተረፉ አይሁዶች በክፍል ውስጥ ተገናኙ። እያንዳንዳቸው አንድ ነገር ይዘው ነበር፤ ፎቶግራፍ፣ የካምፕ ልብስ፣ ከቤት የተረፈ ዕቃ። እነዚህ ቋሚ ቦታ ያስፈልጋቸዋል ብለው ተስማሙ፤ ማኅደሩ ከዚያ ተነሣ። ሮም ውስጥም የሆነው ተመሳሳይ ነው። ከአሲኒታስ የቋንቋ ክፍል ፊልም ወጣ፤ በዚያው ዙሪያ ዳግማዊ ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነበት የስደተኞች ትዝታ ማኅደር ተቋቋመ። ሁለቱም ጋ ነገሩ የጀመረው ሰዎች በአዲስ ቋንቋ «ስሜ እገሌ ይባላል» ማለት በሚማሩበት ክፍል ነው። ከመማሪያ መጽሐፉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ያለው ዓረፍተ ነገር የማኅደሩም የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ሆነ።

የፌርፋክስ የመጀመሪያው ትውልድም ያንን ዓረፍተ ነገር በምሽት ክፍል ተምሮታል። ዛሬ ያ ትውልድ የልጅ ልጅ አይቷል። ልጆቹ አልበሙን ሲከፍቱ አባታቸውን ይለያሉ፤ ካርቱም ላይ አብሮት የቆመውን፣ የተበደረለትን፣ መንገድ ላይ የቀረውን ግን አያውቁትም። ለዚህ ሥራ ታላቅ ፎቶግራፍ አንሺ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ፎቶዎቹ ተነሥተዋል። የቀረው እርሳስ ይዞ ከእናት አጠገብ መቀመጥ፣ ፎቶውን መገልበጥና «ይሄ ማነው?» ብሎ መጠየቅ ነው።